በፈረቃ ውሃ የሚኖር ቤት ሻወር፦ አለካክ፣ አጠጋገንና አቆጣጠብ

በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚገኘው ውሃ ለከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ፣ ነዋሪው ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶውን ሞልቶ፣ ጀሪካኑንም ደርድሮ እስከሚቀጥለው ፈረቃ በዚያው ይኖራል። እንዲህ ባለው ቤት ከማብሰያውም ከዕቃ ማጠቢያውም በላይ ሮቶውን የሚያራቁተው ብዙውን ጊዜ ሻወሩ ነው። በደቂቃ 12 ሊትር በሚያወርድ ሻወር አራት የቤተሰብ አባላት በቀን አንድ አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው ለ10 ደቂቃ ቢታጠቡ 480 ሊትር ውሃ ይሄዳል፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሌላ ሥራ ሳይጨመርበት በሁለት ቀን ባዶውን ይቀራል ማለት ነው። ያው ቤተሰብ በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ሻወር አምስት አምስት ደቂቃ ቢታጠብ የሚያወጣው 120 ሊትር ስለሆነ፣ ያው ሮቶ ለገላ መታጠቢያ ብቻ ቢውል ከስምንት ቀን በላይ ያቆየዋል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ማንኛውም የቤት ባለቤት ወይም ተከራይ በእጁ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ነው፤ ለባለሙያ መተው ያለበትንም በየቦታው እጠቁማለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምለው ግን ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራትዎም ሆነ አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እንዲለኩ ነው። ሳይለኩ የተገዛ የሻወር ራስና ሳይለኩ የተገጠመ ፓምፕ ብዙ ቤት ውስጥ ገንዘብ በልቶ ችግሩን ባለበት ሲተወው አይቻለሁ።

አለካክ

ለመለኪያ የሚያስፈልገው ባለ 10 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። ባልዲው ላይ የልክ ምልክት ከሌለ በባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እየሞሉ አሥር ጊዜ ይገልብጡበትና ውሃው የደረሰበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ያስምሩበት። ከዚያም ሻወሩን ገላዎን ሲታጠቡ በሚከፍቱት ልክ ይክፈቱ፤ ማወቅ የምንፈልገው ቧንቧው ማውረድ የሚችለውን ሳይሆን እኛ የምንጠቀመውን ነውና አያብዙት፣ አይቀንሱትም። ባልዲውን ከሥር ሲያስገቡ ሰዓቱን ያስነሱ፤ ውሃው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ያቁሙት። 600ን በቆጠሩት ሰከንድ ሲያካፍሉ በደቂቃ የሚወርደውን ሊትር ያገኛሉ። ባልዲው በ50 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 12 ሊትር፣ በ100 ሰከንድ ከሞላ 6 ሊትር ነው።

በፈረቃ የሚኖር ሰው ይህን ልኬት ሦስት ጊዜ ሊወስደው ይገባል፦ ውሃ በመስመር መጥቶ ሳለ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሮቶው ሙሉ ሳለ፣ እንዲሁም ሮቶው ሊያልቅ ሲቃረብ። በእኛ ቤት በመስመሩ ውሃ ባልዲው በ48 ሰከንድ ሲሞላ፣ በሙሉ ሮቶ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ደግሞ 2 ደቂቃ ተኩል ፈጀ። ለወራት «ሻወሩ ተደፍኗል፣ ይቀየር» እየተባባልን ስንነጋገርበት የነበረው ነገር ያን ጊዜ ነው የተፈታው። የሻወር ራሱ አልተደፈነም፤ ደካማ የመሰለን በሮቶ ውሃ የታጠብንበት ቀን ነበር። እንዲያውም ብዙ ውሃ የምናባክነው «ዛሬ ጥሩ ነው» ባልነው ቀን፣ ማለትም መስመሩ ሲመጣ እንደነበር ቁጥሩ አሳየን።

ከፍሰቱ ቀጥሎ ጊዜውን ይለኩ። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ውሃ ከፍቶ የቆየበትን ደቂቃ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፍ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ማንንም አይምከር፣ አይገሥጽም። ሰው እንደሚታዘቡት ካወቀ አሳጥሮ ይጽፋልና ቁጥሩ አይታመንም። ደቂቃውን በፍሰቱ ሲያባዙት የቤቱ የሻወር ፍጆታ ይወጣል፤ የቆጣሪው አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ከወርሃዊ ሂሳብዎ ጋር ማነጻጸር ይችላሉ። የውሃ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም የሚጨምርበት በመሆኑ፣ ከላይኛው እርከን ላይ የሚቀነሰው ውሃ ከሁሉ ውድ የሆነው ውሃ ነው።

ሦስተኛው ልኬት የስውር ፍሳሽ ነው፤ በዚህ ላይ በፈረቃ የሚኖር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን አንብቦ፣ ጠዋት ደግሞ ማንበብ የተለመደ ምክር ነው፤ ነገር ግን ያን ሌሊት መስመሩ ከተቋረጠ ቆጣሪው ፍሳሽ ቢኖርም አይንቀሳቀስም፣ መስመሩ ካለና ሮቶው እየሞላ ከሆነ ደግሞ ፍሳሽ ባይኖርም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ውሃ ባለበት ሌሊት ወደ ሮቶው የሚወጣውን መዝጊያ ዘግተው ቆጣሪውን ይፈትሹ። ከሮቶው በታች ያለውን መስመር ለመፈተሽ ደግሞ መስመሩ በተቋረጠበት ሌሊት በሮቶው ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በእንጨት ለክተው ጠዋት ደግመው ይለኩት። ማንም ውሃ ሳይነካ ከፍታው ከወረደ ከሮቶው በኋላ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ግፊት ከየት ይመጣል

የውሃ ግፊት ከሮቶ ሲመጣ የሚወሰነው በከፍታ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ 10 ሜትር ደግሞ 1 ባር ገደማ። የሚቆጠረው ከሮቶው ውስጥ ካለው የውሃ ገጽ እስከ ሻወሩ ራስ ያለው ቀጥታ ቁመት ነው። በብዙ ቪላ ቤቶች ሮቶው ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የሻወሩ ራስ 2 ሜትር ላይ ከሆነ የሚቀረው 3 ሜትር፣ ማለትም 0.3 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ግፊቱ አይጨምርም። ባለ 5,000 ሊትሩም ባለ 500 ሊትሩም የውሃቸው ገጽ እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ እኩል ይገፋሉ።

ከዚህ ተነስቶ ብዙ ነገር መወሰን ይቻላል። እንደ ሳህን ሰፊ የሆነውና ከጣሪያ የሚንጠለጠለው የሻወር ራስ በ0.3 ባር ግፊት ውሃውን አይረጭም፤ በመካከሉ ብቻ እያንጠባጠበ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ ያቆመዋል። ለሮቶ ውሃ የሚስማማው ፊቱ ጠበብ ያለ፣ ቀዳዳዎቹ ጥቂትና ደቃቅ የሆኑ፣ ውስጡ ግን ያልታነቀ የሻወር ራስ ነው። በሌላ በኩል ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ በፓምፕ የሚኖር፣ ወይም ጠንካራ መስመር የሚደርሰው ሰው ፍሰት የሚቀንስ የሻወር ራስ ቢገጥም በእርግጥ ይጠቀማል። በአሜሪካ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢነርጂ ሕግ የሻወር ራስ በደቂቃ ከ2.5 ጋሎን፣ ማለትም ከ9.5 ሊትር በላይ እንዳያወርድ ስለገደበ፣ ዘመድ ከዚያ ይዞት የሚመጣው የሻወር ራስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ትንሽ የፕላስቲክ ማነቂያ አለው። ያ ማነቂያ የተሠራው በጠንካራ ግፊት ለሚመጣ ውሃ ነው፤ በሮቶ ቤት ግን ያለውን ጥቂት ፍሰት ጨርሶ ይገድለዋል። እኔ ባለኝ ልኬት መሠረት በሙሉ ሮቶ በደቂቃ ከ6 ሊትር በታች የሚወርድለት ቤት ፍሰት መቀነሻ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ደቂቃውን ማሳጠርና ፍሳሹን መጠገን ነው።

ፓምፕን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። ፓምፑ ከሮቶው በኋላ ይገጠማል እንጂ ከቆጣሪው ቀጥሎ በመንገዱ መስመር ላይ በቀጥታ አይገጠምም። መስመሩ ደካማ በሆነ ሰዓት ፓምፕ ሲስብ የጎረቤትን ውሃ ከመንጠቁም በላይ፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የውጭ ቆሻሻ ወደ መጠጥ ውሃው እንዲገባ ያደርጋል።

የሻወር ራስን ማውለቅ፣ ማጽዳትና መመለስ

በሦስቱም ልኬቶች ፍሰቱ ደካማ ከሆነ፣ ወይም የሻወር ራሱ ወደ ጎን እየተረጨ ግማሹ ውሃ ግድግዳውን የሚያጥብ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹ በአሸዋ ወይም በነጭ የድንጋይ ቅርፊት ተይዘዋል። ይህ ቅርፊት ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው የድሬዳዋን በመሰለ ኖራ የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ በሚጠጣበት ቦታ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ይታያል።

በመጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን መዝጊያ ይዝጉና ሻወሩን ከፍተው በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ ያፍስሱ። የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ትንሿ የጎማ ቀለበት አንዴ እዚያ ከገባች አትገኝም። የሻወር ራሱን በእጅ ወደ ግራ እያዞሩ ይፍቱት። በእጅ እንቢ ካለ ጨርቅ ጠቅልለውበት አፉ በሚሰፋና በሚጠብ መፍቻ ቀስ አድርገው ያላቁት፤ በሌላው እጅዎ ከግድግዳው የሚወጣውን አንገት አጥብቀው ይያዙት፤ አለበለዚያ የሚፈታው ከግድግዳው ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ይሆንና ሥራው ሴራሚክ እስከ መስበር ይደርሳል።

ከተፈታ በኋላ መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት በመርፌ ጫፍ ያውጧት። የእኛን ቤት ወንፊት መጀመሪያ ባወጣሁበት ቀን ግማሿን የሸፈናት እንደ ሽሮ ዱቄት የደቀቀ ቡናማ አሸዋ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ቧንቧ ሲገጠም ተቆርጦ የቀረ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ተቀምጧል። ወንፊቷን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። የሻወር ራሱን እኩል በተቀላቀለ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደታች አድርገው አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት፤ ቅርፊቱ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ደቃቅ አረፋ ያወጣል፣ ጠዋት በጣት ሲያሹት እንደ እርጥብ ጠመኔ ይላቀቃል። የተለበጠው ቀለም የወርቅ ወይም የነሐስ ከሆነ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ልባጩ ይበላሻል። በረኪናና አቼቶን ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል።

ሲመልሱት በአንገቱ ጥርስ ላይ ያለውን አሮጌ ቴፍሎን፣ ማለትም ቀጭኑን የማሸጊያ ጥብጣብ፣ ሙሉ በሙሉ ያንሱ። አዲሱን ቴፍሎን የጥርሱን ጫፍ ወደ ራስዎ አዙረው እያዩ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በትንሹ እየወጠሩ ከአምስት እስከ ስምንት ዙር ይጠቅልሉ። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ዕቃው ሲጠብቅ ቴፍሎኑ ወደኋላ ይሸበለልና ማፍሰሱ አይቀርም። የጎማ ቀለበት ባለበት መጋጠሚያ፣ ለምሳሌ በተጣጣፊው የሻወር ቱቦ ጫፍ፣ ውሃውን የሚይዘው ቀለበቱ እንጂ ጥርሱ ስላልሆነ ቴፍሎን አያስፈልግም። ዕቃውን በእጅ እስከሚቆም ያጥብቁ፤ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። እዚህ አገር የሚሸጠው የሻወር ዕቃ በአብዛኛው ባለ ግማሽ ኢንች ነው።

የሚንጠባጠብ ሚክሰር

በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል። አንዷን ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ብንላት ከ21 ሊትር በላይ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ በየቀኑ ነው። የሚንጠባጠበው ከሙቁ በኩል ከሆነ መብራቱም አብሮ ይፈስሳል፤ ፓምፕ ባለበት ቤት ደግሞ ፓምፑ በሌሊት እየተነሳ እየጠፋ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ሚክሰሩ፣ ማለትም ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ፣ ሁለት እጀታ ያለው አሮጌው ዓይነት ከሆነ የሚያልቀው ውስጡ ባለው የመዝጊያ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ነው፤ አንድ እጀታ ያለው ከሆነ ደግሞ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ውስጡ ያለው ባለ ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው። ውሃውን ይዝጉ። የእጀታውን ቀይና ሰማያዊ ምልክት በካቻቪቴ ጫፍ ፈልቅቀው ከሥሯ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይፍቱና እጀታውን ያንሱ። ቀጥሎ የሚታየውን ክብ ሽፋንና የመያዣ ቀለበት ከፈቱ በኋላ ካርትሪጁ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወደ ሱቅ ሲሄዱ ልኩን በቃል አይናገሩ፤ ካርትሪጁን ራሱን ይዘው ይሂዱ። 35 እና 40 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ለዓይን በጣም ይመሳሰላሉ፤ መርካቶ ደርሶ የማይገጥም ዕቃ ይዞ መመለስ የብዙ ሰው ቅዳሜ የሚያልቅበት ነገር ነው። አዲሱን ከመክተትዎ በፊት መቀመጫውን በጨርቅ ይጥረጉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከቀረች አዲሱም በሳምንቱ ይንጠባጠባል።

ከሚክሰር ጋር የተያያዘ አንድ የአዘረጋግ ስህተት በብዙ ቤቶች አለ። ቀዝቃዛው ከመንገዱ መስመር በቀጥታ፣ ቦይለሩ ደግሞ ከሮቶው እንዲገባለት ከተደረገ፣ ጠንካራው መስመር በሚክሰሩ ውስጥ ደካማውን ወደኋላ ይገፋዋል። ሰውየው ሙቅ እየፈለገ ቀዝቃዛ ብቻ ይወርድበታል፤ መስመሩ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ በተቃራኒው የሚያቃጥል ውሃ ብቻ ይመጣበታል። ሙቁና ቀዝቃዛው ከአንድ ምንጭ፣ ይልቁንም ሁለቱም ከሮቶው እንዲመጡ ማድረግ ይህን ያስወግዳል፤ የመንገዱ መስመር ወደ ሮቶው በሚገባበት በኩልም ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ሊኖር ይገባል። እሱ ከሌለ፣ ወይም ውስጡ ቆሻሻ ይዞት ካልዘጋ፣ ፈረቃው ባለፈበት ሌሊት የሮቶዎ ውሃ ወደ መንገዱ ቧንቧ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ቦይለር

ስለ ቦይለር ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሰው የሚጎዳበት ዕቃ ስለሆነ ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚታጠብ ቤተሰብ ቦይለሩን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ ማሳደር አያስፈልገውም፤ 10 ሰዓት ተኩል ከመሙላቱ በፊት ማብራት ይበቃዋል። በ60 ዲግሪ የሞቀው ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 40 ዲግሪ የሆነ የመታጠቢያ ውሃ 90 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ በደቂቃ 6 ሊትር ለሚወርድበት ሻወር የ15 ደቂቃ ውሃ ነው። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ከ60 በታች ዝቅ አድርጎ መተው አይመከርም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ይሁን እንጂ የ60 ዲግሪ ውሃ የሕፃን ቆዳን በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል፣ ልጅ ሲያጥቡ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ይክፈቱ፣ ሙቁንም ይጨምሩበት፤ ሲዘጉም ሙቁን ያስቀድሙ።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። በ50 ሊትር ቦይለር ውስጥ የሚጨምረው መጠን ወደ 0.8 ሊትር ይደርሳል፤ ይህ ትርፍ የሚወጣው በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ በተገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ በኩል ነው። ከብዙዎቹ ላይ የሚከፈቱበት ግፊት 7 ወይም 8 ባር ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ቦይለሩ ሲሞቅ ከዚያች አፍ ጥቂት ጠብታ መውጣቱ ሥራው ነው፤ ብልሽት አይደለም። በእኛ ቤት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠብታውን ለማስቆም ብሎ አፉን በተጠረበ እንጨት ጠቅጥቆ፣ በቴፍሎን ጠቅልሎ ዘግቶት ሄዶ ነበር። ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቦይለሩ ሥር ካለው ክዳን ዙሪያ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር ነው። እንጨቱን ሳወጣው ውሃው እንደ ቀጭን ዘንግ ተወርውሮ ተቃራኒውን ግድግዳ መታው። በዚያ ሁኔታ ላይ ቴርሞስታቱ ቢበላሽ ኖሮ ማሞቂያው ማቆሚያ ሳይኖረው ያሞቅና ጋኑ ይፈነዳ ነበር። የሴፍቲ ቫልቩን አፍ በምንም ነገር አይዝጉ፤ ቀጭን ቱቦ ሰክተው፣ ቱቦው ሳይታጠፍ ወደታች እየወረደ ጀሪካን ውስጥ እንዲያፈስ ያድርጉ። ቦይለሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በወር አንድ ጊዜ ትንሿን እጀታ አንስተው ውሃ እንድታወጣ ማድረግ ቅርፊት እንዳይዛት ይረዳል።

ያው ሴፍቲ ቫልቭ ሁለተኛ ሥራ አለው። በውስጡ ያለው ቼክ ቫልቭ መስመሩ ሲቋረጥ የቦይለሩ ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ይይዛል። እሱ ካልሠራ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ሰው የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየር ሲያስገባ የቦይለሩ ውሃ በመጣበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ከተከፈተ ማሞቂያው በደረቁ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ሁልጊዜ በሙቁ በኩል ያለ አየርና ያለ ማንኳኳት የሚወርድ ውሃ እስኪመጣ ድረስ የቦይለሩን ብሬከር አያብሩ። ለመታጠብ ሲገቡም ብሬከሩን የማጥፋት ልማድ ቢኖርዎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ልማድ የመሬት መስመርን አይተካም። ቦይለሩ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት መስመር በትክክል መያዙንና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር መገጠሙን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥልዎ። ሻወር ሥር ቆመው ወይም ሚክሰሩን ሲነኩ ጥቂት እንኳ የመንዘር ስሜት ከተሰማዎት ውሃውን ሳይነኩ ወጥተው ብሬከሩን ያጥፉ፤ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይታጠብበት።

ራሱ ላይ የሚያሞቀው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሻወር 5,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ከሶኬት መስመር ተቀጥሎ ሊሠራ አይገባም፤ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመርና ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልገዋል። ውሃ ቁጠባን በተመለከተ ግን ጥቅም አለው፦ የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ ውሃ ለመታጠቢያ ልክ ማሞቅ የሚችለው በደቂቃ 3.5 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ፍሰቱን እንዲቀንሱ ራሱ ያስገድዳል፤ ሙቅ ውሃ እስኪደርስ የሚፈስም የለም።

ሙቁ እስኪደርስ የሚፈሰው

ቦይለሩ ከሻወሩ በራቀ ቁጥር በቧንቧው ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ አስቀድሞ መውጣት አለበት። 25 ሚሊ ሜትር በሚባለው የፒ ፒ አር ፕላስቲክ ቧንቧ አንዱ ሜትር ከ0.2 ሊትር በላይ ይይዛል፤ 15 ሜትር ርቀት ከሆነ 3 ሊትር ቆሞ ይጠብቃል፣ ቧንቧው ራሱ ሙቀት ስለሚጠጣም በተግባር የሚፈሰው ከዚያ ይበልጣል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቦይለሩን ከሻወሩ አጠገብ ያስቀምጥ፤ ለሙቁ መስመር ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ቧንቧ አያስዘርጋ። ያለቀ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያችን ውሃ በባልዲ ይቀበላት። ንጹሕ ስለሆነች ለልብስም ለዕቃም ትሆናለች። ሰፋ ባለ ሳፋ ላይ ቆሞ የሚታጠብ ሰው ደግሞ ሳሙና ያለበትን ውሃ ለሽንት ቤት ማውረጃና ለወለል ማጠቢያ ማዋል ይችላል፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አይቆይ፣ ይሸታል።

ውሃ ሲመለስ

ከቀናት በኋላ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው አየር፣ ቀጥሎም በቧንቧው ሥር ተኝቶ የነበረው ደለል ነው። ሻወሩን ከፍቶ «መጣ ወይ» ብሎ መፈተሽ ያንን ሁሉ ደለል ወደ ሚክሰሩ ካርትሪጅና ወደ ወንፊቷ ይነዳዋል። ከቤቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የግቢ ቧንቧ አስቀድመው ይክፈቱ፤ ወደ ሮቶው የሚወጣውን መዝጊያም እስከዚያው ዝግ ያድርጉት። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ባልዲዎች ተቀብለው ለአትክልት ያውሏቸው። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ከብርሃን ጋር ሲያዩት ከጠራ፣ የሮቶውን መዝጊያ ይክፈቱ፤ ሮቶው ከሞላ በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዝቃዛ፣ ከዚያም ሙቁን ይክፈቱ፤ ከሙቁ በኩል የሚያስነጥሰው አየር ሲያበቃ የቦይለሩን ብሬከር ያብሩ።